ትልቁን ሰቅለው ትንሹን ሳጥን ውስጥ ያስገቡት ለምንድን ነው?

ጥያቄው ይሄ ነበር፦ «ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ከወረርሽኙ በፊት ልጄን ዲሲ የአየርና የጠፈር ሙዚየም ወስጄው ያ በቴሌቪዥን ስታር ትሬክ ላይ የምናውቀው ኢንተርፕራይዝ የሚባለው የጠፈር መርከብ ሞዴል መስታወት ሳጥን ውስጥ ቆሞ አየን። በቅርቡ ደግሞ ስንሄድ ከሱ በብዙ የሚበልጥ ኤክስ ዊንግ የሚባል መርከብ ኮርኒሱ ላይ ተሰቅሎ አገኘን። ልጄ ‹ትልቁን መስቀል ካልፈሩ ትንሹን ለምን ፈሩ? ደግሞስ ቢወድቅ?› አለኝ፣ መልስ አጣሁ። እሱም ለትምህርት ቤት 1 ሜትር ከ20 የሚሆን መርከብ በካርቶን እየሠራ ነው፣ ክፍል ውስጥ ኮርኒሱ ላይ ካልሰቀልኩት ብሏል። ሥራው ውስጥ ያላችሁ ካላችሁ እስቲ አስረዱኝ።»

ሰላም ወንድሜ። ሥራው ውስጥ አለሁ። እዚሁ አካባቢ ለኤግዚቢሽን ዕቃ የሚሰቅልና መቆሚያ የሚሠራ ድርጅት ውስጥ 17 ዓመቴ ነው፣ ከዛ በፊት እንደ ብዙዎቻችን ፓርኪንግ እሠራ ነበር፣ ከዛ በፊት ደግሞ አዲስ አበባ አጎቴ ጋራዥ ውስጥ ብየዳ። ቀድሜ ልናገር፣ የጠቀስካቸውን ሁለቱን መርከቦች የተከልኩት እኔ አይደለሁም፣ ስለነሱ የምነግርህ በይፋ የታወቀውን ነው፣ የቀረው ግን ከራሴ እጅ የመጣ ነው።

ለልጅህ አጭሩ መልስ፦ የሚወስነው መጠኑ አይደለም፣ ክብደቱም ራሱ አይደለም። ዕቃው የት ጋ ብትይዘው ራሱን መሸከም ይችላል ነው ጥያቄው። ሰው ሁሉ ወደ ላይ አንጋጦ ኮርኒሱን ነው የሚፈራው፣ እኛ ግን ከኮርኒሱ በላይ ያለውን ብረት ኢንጂነሩ አስልቶ ወረቀት ላይ ፈርሞ ይሰጠናል፣ አለቀ። እንቅልፍ የሚነሳን ዕቃው ነው። በተለይ ለፊልም የተሠራ ዕቃ።

ኢንተርፕራይዝን እንይ። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1964 መጨረሻ ላይ ካሊፎርኒያ በርባንክ ውስጥ ነው፣ ንድፉ የማት ጄፍሪስ፣ ሥራውን የመራው ሪቻርድ ዳቲን። ርዝመቱ 3 ሜትር ከ40 ገደማ፣ ክብደቱ ወደ 90 ኪሎ። 90 ኪሎ ምንድን ነው? አንድ ኩንታል ጤፍ እንኳን አይሞላም፣ መርካቶ አንድ ወዛደር ብቻውን ተሸክሞት ይሄዳል። ግን ጤፉ ጆንያ ውስጥ ነው፣ የትም ጋ ብትይዘው ያው ነው፣ አይሰበርም። ይሄኛውን ደግሞ ቅርጹን አስበው፦ ፊት ለፊት ምጣድ ከነአክንባሎው የሚመስል ትልቅ ክብ፣ ከክቡ ሥር ቀጭን አንገት፣ ከአንገቱ ሥር ሲጋራ የመሰለ ገላ፣ ከገላው ላይ ደግሞ ወደ ኋላና ወደ ላይ በወጡ ሁለት ቀጫጭን ክንዶች የተያዙ ሁለት ረጃጅም ቱቦዎች። እንጨት አለው፣ ላሜራ አለው፣ ፕላስቲክ አለው፣ ሁሉም በኮላና በብሎን የተያያዘ። ምጣዱ ወደ ፊት ይጎትታል፣ ቱቦዎቹ ወደ ኋላ ይጎትታሉ፣ መሀል ላይ ያለው አንገት ግን ከሁሉም ቀጭኑ ነው። ዲዛይነሩን አልወቅስም፣ ጠፈር ላይ ክብደት የለማ! መሬት ላይ ግን አለ፣ ቅዳሜም እሁድም አለ፣ ሙዚየሙ ከተዘጋ በኋላም ሌሊቱን ሙሉ አለ።

ደግሞ የፊልም ሰዎች ሲሠሩት ለዘላለም ብለው አይደለም። ካሜራ ፊት ከሥሩ በቆመ ብረት ላይ ተተክሎ የሚቀረጽ ነገር ነበር፣ የመብራቱ ሽቦ በግራ ጎኑ ስለሚገባ የሚቀረጸው በቀኙ በኩል ብቻ ነው፣ መርከቡ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሲሄድ እንዲታይ ከፈለጉ ጽሑፎቹን ገልብጠው ለጥፈው ቀርጸው ፊልሙን ያዞሩታል። ማለት አንድ ጎን ብቻ ያለው ዕቃ ነው። ሙዚየም ደግሞ ምን ይፈልጋል? በአራቱም ጎን ሕዝብ የሚዞረው፣ ሃምሳ ስልሳ ዓመት የሚቆም ዕቃ። የእኛ ሥራ ከሞላ ጎደል በነዚህ ሁለት ፍላጎቶች መሀል መታረቅ ነው።

እና ምን ሆነ፣ በ1974 የፊልም ድርጅቱ ፓራማውንት የሙዚየሙ ባለቤት ለሆነው ለስሚዝሶኒያን ሰጠው፣ ተፈታትቶ በሳጥን ተጭኖ መጣ፣ ገጥመው አሳዩት፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሽቦ ተንጠልጥሎ ነበር የሚታየው። አየህ፣ ተሰቅሎ ያውቃል! ከሥር ቆሞ እንዲቀረጽ የተሠራን ነገር ከላይ ስትሰቅለው መግፋት የለመደው መገጣጠሚያ ሁሉ መጎተት ይጀምራል፣ ኮላ ደግሞ መገፋትን እንጂ መጎተትን አይወድም። አንድ ቀን ላይ ምንም አታይም። አምስት ዓመት ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ታያለህ፣ በእስቱኮ ትደፍናታለህ፣ በሚቀጥለው ጊዜ እዛችው ቦታ ላይ ትመጣለች። በየጊዜው ጠገኑት፣ ቀለሙንም ቀየሩት፣ ከ2000 ጀምሮ ለ14 ዓመት ያህል ደግሞ ታችኛው ፎቅ የስጦታ ዕቃ መሸጫው ውስጥ ነበር። በ2014 ከዛ አውጥተው ቨርጂኒያ ቻንቲሊ ዱለስ ኤርፖርት አጠገብ ወዳለው ሁለተኛው ሙዚየማቸው ጥገና ክፍል ወሰዱት። አንተ ቨርጂኒያ ካለህ ምናልባት ለሽኝት ስትሄድ በየጊዜው ታልፈዋለህ።

እዛ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር እኔን በጣም ነው ደስ ያለኝ፦ ኤክስሬይ አነሱት። ልክ እንደ ታመመ ሰው። እንጨቱ በየት በየት እንደሚሄድ፣ ብሎኑ የት እንዳለ፣ ውስጡ ያለው ብረት የት ላይ እንደሚያልቅ ሳታውቅ መቆሚያ መሥራት ጨለማ ውስጥ መርፌ እንደ መፈለግ ነው። እኔ በሠራሁባቸው ትናንሽ ቦታዎች ኤክስሬይ ሁልጊዜ አይገኝም፣ በጣት ቋ ቋ እያደረግን በድምፁ ነው የምንለየው፣ ባዶ የሆነውና ሙሉ የሆነው ቦታ ድምፁ ይለያያል፣ ሐብሐብ እንደምትመርጠው ማለት ነው። ብቻ፣ በ1967 ነሐሴ ወር ላይ የነበረውን መልክ መልሰው አወጡለት፣ የምጣዱ የላይኛው ገጽ ግን የድሮው የራሱ ቀለም ሳይነካ እዛው አለ፣ መብራቱን በኤልኢዲ ቀየሩት፣ በሐምሌ 2016 ሙዚየሙ 40 ዓመት ሲሞላው ትልቁ አዳራሽ ውስጥ በመስታወት ሳጥን ቆመ። አንተ ያየኸው እሱን ነው። ከሥር ተደግፎ፣ መጀመሪያም ይወደው እንደነበረው።

አሁን ስለ መስቀል ላስረዳህ፣ ልጅህ ይሄን ከገባው ግማሹን ሥራ አወቀ። ልጅ ሆነህ ከወንድምህ ጋር ውሃ ቀድተህ ታውቃለህ? ባለ 20 ሊትር ጀሪካን እጀታው ላይ ገመድ አስገብታችሁ አንዱን ጫፍ አንተ አንዱን እሱ ይዛችሁ። ተጠጋግታችሁ ስትሄዱ ይቀላል፣ ራቅ ራቅ ስትሉ ገመዱ እየተዘረጋ ሄዶ እጃችሁን ይበጥሰዋል። ውሃው አልጨመረም እኮ፣ ያው 20 ሊትር ነው። ገመዱ እየተኛ በሄደ ቁጥር ነው የሚከብደው። 90 ኪሎ የሆነ ነገር በሁለት ኬብል ቀጥ አድርገህ ስትሰቅለው እያንዳንዱ 45 ኪሎ ይይዛል። ሁለቱን ኬብል ወደ ላይ አንድ መንጠቆ ላይ ሰብስበህ ከአግድሙ 60 ዲግሪ ላይ ከሆኑ እያንዳንዱ 52 ኪሎ፣ 45 ዲግሪ ላይ 64፣ 30 ዲግሪ ላይ ስታደርሰው እያንዳንዱ 90 ኪሎ ሙሉውን ይይዛል። ሁለት ኬብል አድርገህ አንዱም አልቀነሰልህም ማለት ነው! ከዛ የባሰው ደግሞ ኬብሎቹ ዕቃውን ወደ መሀል እየጨመቁት ነው፣ በ30 ዲግሪ ላይ ከየጎኑ ወደ 78 ኪሎ ጭመቃ አለ። የመኪና ሞተር ሲወጣ ያንን ይችለዋል፣ ከላሜራና ከኮላ የተሠራ መርከብ ግን እንደ ብስኩት ነው የሚሆነው። ለዛ ነው ከላይ አግድም ብረት አድርገን ኬብሎቹ ቀጥ ብለው እንዲወርዱ የምናደርገው፣ ጋራዥ ውስጥ ሞተር በፓራንኮ፣ ማለት በሰንሰለት ማንሻ፣ ሲያወጡ ያየ ሰው ይሄን ያውቀዋል፣ እኔም የተማርኩት እዛው አጎቴ ጋ ነው፣ አሜሪካ መጥቼ ሰርተፍኬት ስወስድ አስተማሪው ሥዕል ሥሎ ሲያስረዳ በሆዴ «ይሄማ የአጎቴ ፓራንኮ ነው» አልኩ።

ኤክስ ዊንጉ እሺ እንዴት ተሰቀለ? እሱ ሞዴል ተብሎ ቢጠራም ሙሉ መጠን ነው፣ በ2019 ለወጣው የስታር ዋርስ ፊልም ቀረጻ ላይ የዋለ፣ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 37 ጫማ፣ ማለት 11 ሜትር ከምናምን። የፊልሙ ድርጅት ሉካስፊልም ለረዥም ጊዜ ነው ያዋሰው፣ እዛው ቻንቲሊ ጥገና አዳራሽ ቆይቶ ከጥቅምት 2022 ጀምሮ ዲሲ ፕላኔታሪየሙ፣ ማለት የከዋክብት ማሳያው አዳራሽ፣ በር ላይ ተሰቅሏል። እንዲህ ዓይነት ሙሉ መጠን ያለው የቀረጻ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ የተበየደ ብረት ነው፣ ምክንያቱም ስቱዲዮ ውስጥ ሰው ይወጣበታል፣ ይጎተታል፣ ይነሳል፣ ከቦታ ቦታ ይዛወራል፣ ስለዚህ የሠሩት ሰዎች ራሳቸው መያዣውን ቀድመው ያስቡበታል። አጥንት ያለው ዕቃ ነው። አጥንቱን ይዘህ ትሰቅለዋለህ፣ ሥጋው ምንም አይሰማውም። ኢንተርፕራይዝ ደግሞ ለመሰቀል የታሰበ እንዲህ ዓይነት አጥንት የለውም።

መጠን ምንም እንዳልሆነ ለልጅህ ለማሳየት፣ ኒውዮርክ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውሰደው። እዛ ያለው የሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ሞዴል 94 ጫማ ነው፣ 21,000 ፓውንድ፣ ወደ 9 ቶን ተኩል ማለት ነው፣ ተሰቅሏል፣ ከሥሩ ሕዝብ ይቀመጣል። ሲሠራ ጀምሮ ለመሰቀል ታስቦ ስለተሠራ።

«ቢወድቅስ» ላለው፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እኛም በየቀኑ የምንጠይቀው እሱኑ ነው። ኬብል ስንገዛ ላዩ ላይ በስንት እንደሚበጠስ ተጽፏል። ለምሳሌ ሩብ ኢንች የሆነው የተለመደው ጋልቫናይዝድ ኬብል ብዙውን ጊዜ 7,000 ፓውንድ ላይ ይበጠሳል ተብሎ ነው የሚሸጠው። እኛ ግን 7,000 አንሰቅልበትም። ለአምስት ታካፍለዋለህ፣ 1,400። ከሥሩ ሰው የሚያልፍ ከሆነ እኔ የሠራሁባቸው ቦታዎች ለአሥር ያካፍሉታል፣ 700። ከዛ ላይ ደግሞ ከመያዣዎቹ የትኛውም አንዱ ቢለቅ የቀሩት ብቻቸውን ይችላሉ ወይ ብለን እናሰላለን፣ ካልቻሉ ሌላ እንጨምራለን። ያው ሰንሰለት ማለት ከሁሉም ደካማው ቁራጩ ነው፣ ኬብሉ ምንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ጫፉን የምታጥፍበት ቦታ ላይ በክሊፕና በዳዶ ካሰርከው ወደ 80 በመቶ ይወርዳል፣ ክሊፑን ገልብጠህ ካሰርከው ደግሞ ከዛም በታች፣ ኮርቻ የሚመስለው ጎኑ መቀመጥ ያለበት ሸክም የያዘው ገመድ ላይ ነው፣ ዩ የሚመስለው ብሎን ደግሞ አጭሩ ጫፍ ላይ። ይሄን የሚገለብጥ ሰው ብዛቱ! ሱቅ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ፣ ሠርግ ላይ ለመብራት የተሰቀለ ነገር ሳይ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው እዛ ነው፣ ባለቤቴ «ዛሬ እንኳን ሙሽሮቹን እይ» ትለኛለች።

የመስቀያው ቀን ራሱ እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። ቀን ሳይሆን ሌሊት ነው ብዙውን ጊዜ፣ ጎብኚ ከወጣ በኋላ። ሁለት ወይ አራት የሞተር ፓራንኮ ላይ ይሰቀላል፣ እያንዳንዱ ፓራንኮ ሥር ኪሎ የሚያነብ መሣሪያ ይገባል፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያዝዘው፣ ሌላው ሁሉ ዝም፣ «ቁም» የማለት መብት ግን የሁሉም ነው፣ የጽዳት ሠራተኛዋም ብትሆን «ቁም» ካለች ይቆማል። መጀመሪያ ከመሬት አንድ ስንዝር እናነሳውና እንተወዋለን። ቡና እንጠጣለን፣ በእውነት ነው የምልህ፣ ቡና ነው የምንጠጣው፣ እኔ ፔርሙዝ ይዤ ነው የምሄደው፣ ፈረንጆቹም ለምደውታል፣ ከሰላሳ ደቂቃ በኋላ ተመልሰን ቁጥሩን እናያለን። አንደኛው ፓራንኮ ላይ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሌላኛው ላይ ከወረደ ውስጥ የሆነ ነገር እየተንቀሳቀሰ ነው፣ ወይ ሚዛኑን ተሳስተናል። አውርድ፣ እንደገና። አንድ ስንዝር ላይ የታየ ስህተት ዋጋው ቡና ነው፣ ስምንት ሜትር ላይ የታየ ግን... ተወው።

አንድ ጊዜ የሆነብንን ላውራህ፣ ቦታውን አልጠራም። 4 ሜትር የሚሆን የሮኬት ሞዴል ነበር፣ ፋይበርግላስ፣ ቀላል፣ አጥንቱ ጥሩ፣ በሁለት ነጥብ ሰቀልነው፣ ውሃ ልክ አስቀምጠን አየን፣ ልክ ነው፣ አፍንጫው ወደ መግቢያው በር፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ተጨባብጠን ሄድን። ጠዋት ስልክ ተደወለልኝ፣ «ሮኬታችሁ ዞሯል» ይለኛል ሰውየው። እንዴት ይዞራል? ሄጄ ሳይ እውነትም ዞሯል፣ አፍንጫው ግድግዳውን እያየ ነው፣ የተማሪ ሰልፍ ደግሞ በሩ ላይ ደርሶ ጅራቱን ነው የሚያየው። ሌሊት የአየር ማቀዝቀዣው ጠፍቶ ነበር፣ ጠዋት ሲበራ ከጎን ያለው የአየር ቀዳዳ ክንፉን እየገፋው፣ ኬብሎቹ በጣም ተቀራርበው ስለነበር ለመጠምዘዝ የሚከለክለው ነገር የለም፣ እንደ ሸራ ጀልባ ቀስ እያለ ዞረ። አደጋ አልነበረውም፣ ክብደቱን ኬብሎቹ ይዘውታል። ግን ሐፍረቱ! ከዛ ወዲህ ሸክም የማይይዝ፣ መዞርን ብቻ የሚከለክል ሦስተኛ ቀጭን ሽቦ ሳላስር አልወጣም፣ አየር ማቀዝቀዣውንም አስበርቼ ነው የምሰቅለው።

ሌላው የሚጠፋብን ነገር ደግሞ መንገዱ ነው። ዕቃው አዳራሹ ውስጥ ይገባል፣ ወደ አዳራሹ ግን ይደርሳል ወይ? በር፣ የዕቃ ሊፍት፣ ኮሪደር ላይ ያለ መታጠፊያ፣ ኮርኒስ ላይ ወደ ታች ብቅ ያለ የእሳት ማጥፊያ ውሃ ቀዳዳ። አንዴ አንድ ጎበዝ ልጅ ሳጥኑን በሜትር ለክቶ በሩን ለክቶ «አራት ሴንቲ ይተርፈናል» አለ፣ ልክ ነበር፣ ሳጥኑ የሚጫንበትን ጋሪ ግን አልለካም፣ ጎማው 15 ሴንቲ ነው። ሳጥኑን እዛው በር ላይ ፈታን። አሁን እኛ ጋ ልማዱ ምንድን ነው፣ በዕቃው ልክ ከቀላል እንጨትና ከካርቶን የውሸት ሳጥን ሠርተን ከነጋሪው ከመኪናው እስከ አዳራሹ ድረስ ገፍተን መለማመድ ነው። ሰው ሲያየን ባዶ ካርቶን በጥንቃቄ የሚገፉ ስድስት ሽማግሌዎች ነን፣ ይስቁብናል፣ ይሳቁ።

ወደ መስታወቱ ልመለስ፣ ምክንያቱም ልጅህ «ሳጥን ውስጥ ማስገባት ቀላሉ ነው» ብሎ እንዳያስብ። 3 ሜትር ከ40 የሚረዝም መርከብ የሚይዝ ሳጥን እኔ ብሠራ በግምት 4 ሜትር ከ20 በ2 ሜትር ከ20፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ80 ይሆናል። 12 ሚሊ ውፍረት ያለው መስታወት በካሬ ሜትር 30 ኪሎ ነው። ዙሪያውን አስላው፣ ወደ 690 ኪሎ፣ ጣሪያውን ጨምር ወደ 970። መርከቡ 90፣ ቤቱ ወደ አንድ ቶን! ገና ብረቱና መሠረቱ አልተቆጠረም። እዚህ አገር ሕዝብ የሚበዛበት አዳራሽ ወለል በተለምዶ የሚታሰበው በካሬ ጫማ ለ100 ፓውንድ ነው፣ በካሬ ሜትር 490 ኪሎ ገደማ፣ ስለዚህ ሳጥኑ በአራት እግር ላይ ብቻ ከቆመ እግሩ ሥር ያለው ቦታ ያንን ይበልጠዋል፣ ሸክሙን የሚበትን ሰፊ መሠረት ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ መስቀል ርካሽ ነው፣ ሳጥን ነው ውድ።

ውስጡስ? ሳጥኑ ሲዘጋ ውስጡ የሚቀረው አየር ያው እዛው ነው የሚኖረው። ኤምዲኤፍ የሚባለውን የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ ተጠቅመህ ከሠራኸው አሲድ ይተፋል፣ ዓይንህ አያየውም፣ ዕቃው ግን በዓመታት ውስጥ ይበላል። መስታወቱን የምትለጥፍበትን ሲሊኮን አሽትተህ ታውቃለህ? አንዳንዱ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል። እሱ ኮምጣጤ ራሱ ነው፣ ሲደርቅ አሴቲክ አሲድ ነው የሚለቀው፣ ለመታጠቢያ ቤትህ ምንም አይደል፣ ውስጡ የድሮ ብረትና የድሮ ቀለም ላለበት ሳጥን ግን መርዝ ነው። የማይሸተው ዓይነት አለ፣ እሱን ነው የምንገዛው። ብዙ ሙዚየሞች ሳጥን ውስጥ የሚገባ ቁስ ከመቀበላቸው በፊት ኦዲ ቴስት የሚባል ነገር ያደርጋሉ፣ ከጨርቁም ከስፖንጁም ከቀለሙም ቁራጭ ወስደው ከብር፣ ከመዳብና ከእርሳስ ቁራጭ ጋር ጠርሙስ ውስጥ ዘግተው ትንሽ ውሃ ጨምረው 60 ዲግሪ ሙቀት ላይ 28 ቀን ያቆዩታል። ከ28 ቀን በኋላ ብሩ ከጠቆረ ወይም እርሳሱ ነጭ ነጭ ካወጣ ያ ጨርቅ አይገባም፣ አለቀ፣ ምንም ያማረ ቢሆን። ሁለት ጊዜ ዲዛይነሩ በጣም የወደደውን ጨርቅ በዚህ ጥለንበታል፣ አንደኛው እስካሁን አያናግረኝም።

መብራቱም እንደዛው። የድሮው አምፖል ውስጡ ሙቀት ያወጣ ነበር፣ ሙቀት ኮላ ያላላል፣ ፕላስቲክ ያጣምማል፣ ኤልኢዲ ያንን ብዙውን አስቀርቷል። ከውጭ የሚበራው ደግሞ ቀለም ያደበዝዛል፣ ለዛ ነው በጣም ስስ የሆኑ ነገሮች ያሉበት ክፍል በ50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) አካባቢ የሚበራው፣ ሰዎች ገብተው «ለምን ጨለመ» ይላሉ፣ አምፖል ለመቆጠብ አይደለም።

መቆሚያው ላይ ብዙ ማለት እችላለሁ፣ ያ የእኔ ዋናው ሥራዬ ስለሆነ፣ ግን ላሰለችህ አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ፦ ጥሩ መቆሚያ ዕቃውን አይዝም፣ ዕቃው ይቀመጥበታል። ብረቱን በዕቃው ቅርጽ ልክ እያጠፍክ፣ እየሞከርክ፣ ገና ትንሽ ይነካል እያልክ፣ በሞረድ እየበላህ፣ ዕቃው ሲቀመጥ ምንም ድምፅ እስከማይሰማ ድረስ ነው። ድምፅ ካለ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው የተቀመጠው ማለት ነው። በብረቱና በዕቃው መሀል የምናደርገው ስስ ስፖንጅ ለምቾት ሳይሆን መንሸራተትን ለመከልከል ነው፣ ስፖንጁን አምነህ ብረቱን በግምት ካጠፍከው በሦስት ዓመት ውስጥ ስፖንጁ ይሞታል፣ ዕቃው ብረት ላይ ይቀራል። ጓንታችንም የጨርቅ አይደለም፣ ናይትራይል የሚባለው ስስ የላስቲክ ዓይነት ነው፣ ጨርቅ ያንሸራትታል፣ የተሰነጠቀ ቀለምም ይነቅላል።

እንግዲህ የልጅህን መርከብ በተመለከተ። በመጀመሪያ ደረጃ የትምህርት ቤቱ ኮርኒስ ያ ካሬ ካሬ የሆነው፣ በቀጭን ላሜራ የተያዘው ከሆነ እሱ ላይ ምንም እንዳይሰቅል፣ እሱ የተሠራው የራሱን ካሬዎች ለመያዝ ነው፣ የሚይዘው ነገር ከበላዩ ነው ያለው፣ እሱን የሚያውቀው ደግሞ መምህሩ ሳይሆን የሕንፃው ጥበቃና ጥገና ሰውየው ነው፣ ልጅህ ራሱ ሄዶ በትህትና ይጠይቀው፣ እነዚህ ሰዎች ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል፣ እኔ አውቃለሁ። መርከቡ ውስጥ ደግሞ ገና ሳይዘጋው ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ የሚሄድ አንድ ቀላል የእንጨት ዱላ ያስገባ፣ አጥንት ማለት ነው፣ ክሩ የሚታሰረው ካርቶኑ ላይ ሳይሆን ዱላው ላይ ነው፣ ካርቶኑ ላይ ቀዳዳ ብቻ ይተው። ሁለት ክር ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ በተቻለ መጠን የተራራቁ፣ አንዱ ከአፍንጫው አጠገብ አንዱ ከጅራቱ፣ ሦስተኛ ደግሞ እንዳይዞር፣ የእኔን ሐፍረት እንዳይደግመው። ለክሩ የዓሣ ማጥመጃ ናይሎን ጥሩ ነው፣ ላዩ ላይ ስንት ፓውንድ እንደሚይዝ ተጽፏል፣ ከመርከቡ ክብደት አሥር እጥፍ የሚለውን ይግዛ፣ ሁለት ዶላር ልዩነት ነው። ናይሎን ቋጠሮው ይንሸራተታል፣ ሦስት አራት ዙር ይጠምዝዘው፣ ሲያጠብቀው በምራቁ ያርጥበው።

ክብደቱን ለማወቅ የቤታችሁ የሰው ሚዛን ትንንሽ ነገር በትክክል አያነብም፣ ስለዚህ ልጁ መርከቡን አቅፎ ሚዛኑ ላይ ይቁም፣ ጻፉት፣ ከዛ መርከቡን አስቀምጦ ብቻውን ይቁም፣ ቀንሱት። መሀሉ የት እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ሁለት ጣቱ ላይ አስቀምጦ ሁለቱን ጣት ቀስ እያደረገ ያቀራርብ፣ ጣቶቹ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ቁጥሮቹን ላክልኝ፣ ኬብሉን፣ ይቅርታ ክሩን፣ የት የት እንደሚያስር ሥዬ እልክልሃለሁ።